ከበሩ ጀርባ

ከዛሉዥኔ በታች፣ በጋሊሲያ ሜዳ፣
ክረምቱ በረዶ፣ በጋው አቧራ ዕዳ፣
መንገዱ ሁለት ላይ በሚሰነጠቅበት፣
አንዱ ወደ ወፍጮ፣ አንዱ ወደ ጌታው ቤት፣
አራት መስኮት ነበር፣ አንድ የጭስ መውጫ፣
ለፈረስ ገንዳ ውሃ፣ ለሰው መቀመጫ።
ጌትዘል ነው ባለቤት፣ ባለቤት ካልነው፤
መሬቱ የጌታው፣ ጣሪያው የጌታው ነው፣
ቮድካው ከጌታው በርሜል፣ ኪራዩ ለጌታው፤
ጌትዘል "የራሴ" ብሎ የሚምልበት
አንድ ሚስት፣ አምስት ልጅ፣ አንዲት ጠመኔ ናት።

ከእሱ በፊት አባቱ፣ ከአባቱም በፊት
ሄርሽኮ ነበረ፣ የአያቱ አባት፤
ኪራይ ቢያሳልፍ በአንድ ክፉ ክረምት፣
ጌታው ጉድጓድ ጥሎት፣ እንግዶች ሰብስቦ፣
"ዝፈንልን!" አለው፣ ከላይ ይዞ ችቦ።
ሄርሽኮ ዘፈነ። ቃል አልነበራትም፣
ጥርሱ ሲንገጫገጭ ቃል አይወጣውም፤
ያቺ የጉድጓድ ዜማ ከዘሩ ጋር ቀርታ
ከማዕዱ ትነሣለች ዓርብ ዓርብ ማታ።

ጠመኔዋ ትንሽ፣ እንደ ጥርስ የነጣች፣
ከበሩ ጀርባ ላይ ዕዳ ትጽፋለች።
ፊደል ማን ያውቅና! ለሚኮላ ጎማ፣
ለአንካሳው ለፔትሮ የተቀደደ ጫማ፣
ባሏ ለሞተባት ለፓራስካ ዶሮ፣
ከሥዕሉ ሥር ጭረት፣ ባንድ ባንድ ተቆጥሮ።
ለኦኑፍሪ አካፋ።
እኔ የልጅ ልጁ ነኝ፤ አካፋው የኛ ነው፤
ጭረቱ ስንት ነበር? ለጊዜው እንተወው።

ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ጌትዘል እጁን ታጥቦ
ቁልፉን ለፓራስካ ይሰጣል አስቦ፦
"አንቺ ቅጅላቸው፣ እኔ ሳንቲም አልነካም፤
ማሰሮ ውስጥ ጣይው፣ የሚጎድል የለም።"
ከጓዳው ሻማ ነው፣ ከአዳራሹ ጩኸት፣
መሐል ላይ ግድግዳ፣ ጭቃና ስንጥር እንጨት፤
እሱን ተደግፎ፣ ብርጭቆው በእጁ፣
አያቴ ዜማዋን ለመዳት ከደጁ።
ሰኞ ሲያርስ ውሎ ያንጎራጉራታል፣
ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤
ጥንዱ በሬም አውቆ፣ ያለ ጅራፍ ያለ ቃል፣
ዜማዋን ሲሰማ ወደ ኋላ ይዞራል።

አላሳምረውም። በጥጋቡ ዘመን
"ጌትዘል" እንለዋለን፣ ብርጭቆ አንሥተን፤
በረዶ እህል ሲመታ፣ ዕዳው ሲጠና ግን
"አይሁዱ" ይሆናል፤ ስሙን እንነጥቀዋለን።
መስኮቱን ሰብረናል በፋሲካ ሌሊት፣
ማግሥቱን መጥተናል፣ በዱቤ ለመጠጣት።

ሐዲድ ተዘርግቶ መንገዱን ሣር በላው፤
ጦር መጣ፣ ጦር ሄደ፣ ወንበሩን አነደደው፤
ጌታውም ከስሮ ርስቱን ሸጠው።
ጠመኔዋን ያዘች ጺርል፣ የጌትዘል ልጅ፤
አባቷ ዓይኑ ጠፍቶ ይቀመጣል ከደጅ።

ከዚያ ያ መከር መጣ። ድንች በሚወጣበት
ትእዛዝ ተለጠፈ፣ በዚያው በር፣ ከፊት።
ጺርል በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለፓራስካ
እንደ ዱሮው ሰጠቻት።
ዓርብ መሰላት እሷ፣ ማክሰኞ ነው ለካ።
ጋሪ ያለው ሁሉ ጋሪ ያምጣ ተባለ።
አያቴ ጋሪ ነበረው። አመጣ። ምን ይበል?
ሽማግሌው ጌትዘል፣ ከጋሪው ላይ ሆኖ፣
ባርኔጣው እስከ ቅንድብ ወርዶ ተደፍኖ፣
ማንጎራጎር ያዘ፣ ያችን የጉድጓድ ዜማ።
በሬዎቹ ቆሙ። ጆሯቸው ስትሰማ
ዞሩ። ወደ ቤት ዞሩ።

አያቴ ጅራፉን አነሣ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አላንጎራጎረም፣
በሬዎቹ ከትልሙ ጫፍ ላይ ቢቆሙም።

ቤቱ የኅብረት ሱቅ ሆኖ አረንጓዴ ተቀባ፤
ምስማር ሸጡበት፣ ጨው፣ ክብሪትና ላምባ።
አምና ሲያፈርሱት በሩን ገዛሁት፣
ከነመቃኑ ነቅዬ፣ ከቤቴ አስገባሁት።
መቃኑ ላይ አንድ ስፍራ፣ ጣት የሚያህል፣ ሰያፍ፣
ገርጥቶ ቀርቷል፤ ምስማር የበሳው ጫፍና ጫፍ።
ቀለሙን ስፍቀው ጎማው ብቅ አለ፣
ዶሮዋም፣ ጫማውም። ጠመኔው ረግፏል፤
ክንድ የተጫነው ግን እንጨቱ ላይ አለ።

ከአካፋው ሥር ቆጠርኩ፦ አሥራ አንድ።
ደግሜ ቆጠርኩ፦ አሥራ ሁለት።
አንዱ የእንጨቱ ስንጥቅ ይሆናል።
ወይም የጋሪው ነው።

ሚስቴ "ላገው" ትላለች፣ ጠረጴዛ ይወጣዋል።
እውነቷን ነው፣ ጥሩ ዋርካ የሚያህል ወፍራም ነው።
እስካሁን አልነካሁትም፤
ግድግዳ አስደግፌዋለሁ፣
ጀርባውን ወደ እኔ አዙሬ።