የበሩ መቃን

ቤታችን ከግድቡ፣ ከአፈሩ ሥር ናት፣
ሐይቁ በትከሻው ቁልቁል የሚያያት።
ጣሪያዋን የያዙት ሁለት ጎማዎች፣
አንድ የወፍጮ መጅ፣ ስድስት ድንጋዮች።
ነፋስ ሲነሳ ግን፣ ምን ቢከብድ ድንጋይ፣
ቆርቆሮ ክንፍ አለው፤ ልቡም ወደ ሰማይ።

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ከቀትር በኋላ፣
ሰማያዊው ሐይቅ ይመስላል አተላ።
አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ የዓሣ ገበያ ሹም፣
ካፖርቱን ሰብስቦ ከዋርካው አይወርድም።
ጋሽ ሌዳሞ ያኔ ጀልባውን አስሮ፣
መረቡን እንደ ሕፃን በደረቱ ቋጥሮ፣
«መጣላችሁ!» ይላል በደጃችን ዞሮ።
«ማን?» ብለን አንጠይቅም።
እሱ እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ፌስታል፣
ቀጥሎ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ይበራል፤
ከዚያ ዝም ይላል።
ይሄ ዝምታ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፣
የሚስማር ትንፋሽ እንኳ ከጣሪያ የሚሰማኝ።

ከዚያ በረዶ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
ምናሴ ከአልጋው ሥር ቁጥር ይቆጥራል፤
መቶ ሲደርስ ያልፋል ብዬው ነበር አንዴ፤
ሁለት መቶ አለፈ። ዋሽቼዋለሁ እንዴ?

አንድ ሌሊት ቆርቆሯችን አንዷ ተገንጥላ፣
የእትዬ ዱሬቴን በቆሎ ቆርጣ ጥላ፣
ከዶሮ ቤቷ ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች።
ሴትየዋ በማለዳ ተሸክማት መጣች፤
«እንግዳሽ እኔ ጋ አድራ ነው፣ እንቺ» አለችኝ፤
ስለ በቆሎዋ አንድም አልነገረችኝ።

ነፋስስ ይሄዳል፤ ውኃ ግን ይቆያል።
ሐምሌ ላይ ግድቡን በሥሩ ያልፍና
በወለሉ ስንጥቅ ላብ መስሎ ይወጣል።
አልጋውን በብሎኬት ከፍ አደረግነው፤
አምና አንድ ነበረ፣ ዘንድሮ ሦስት ነው፤
እንዲህ ከቀጠለ፣ ምናሴ እንዳለው፣
በመሰላል ወጥተን ነው የምንተኛው።

አከራያችን መጡ፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው፤
«ሐይቅ ዳር ቤት ዋጋው ጨምሯል» አሉኝ ቆመው
ከውኃው መካከል።
«ጋሼ፣ ሐይቁም እኮ ደባል ሆኖ ገባበት፤
ግማሹን ኪራይ ከሱ ይቀበሉት»
አልኩ። ሳቁ። ግን ጨመሩት።

በበሩ መቃን ላይ ሁለት ዓይነት ጭረት አለ፤
በግራ የልጄ ቁመት፣ በከሰል የተሳለ፤
በቀኝ የውኃው ነው፣ በሚስማር የተፋቀ፤
ከየጎኑ ዓመቱ፣ ጽሕፈቱ የደቀቀ።
አንድ ክረምት አለ ዓመቱን ያልጻፍኩበት፣
የቀኙ ጭረት ግራውን የበለጠበት
በአራት ጣት።

ያን ሌሊት ጋሽ ሌዳሞ፣ በሰፈሩ መንገድ
ጀልባ እየቀዘፈ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ሲርድ፣
ልጄን በመረቡ ጠቅልሎ አወጣው፤
«ዛሬስ ቆሮሶ ያዝኩ» አለና አሳቀው።
ልጁ ሳቀ።
እኔን ሳቁ የደረሰኝ መስከረም ሲጠባ ነው።

«ለምን አትለቂም?» ይሉኛል ዘመዶች፣
ከመናኸሪያው ማዶ ደረቅ ቤት ያዩቱ።
ምን ልበላቸው?
ጠዋት አለ እኮ፣ ከማዕበል ማግሥት፣
ሐይቁ እንደ ታጠበ ትሪ የሚያበራበት፣
ታቦር ተራራ ተገልብጦ የሚተኛበት።
ደግሞም፣ እውነት ለመናገር፣
ደረቁ ቤት ኪራዩ እጥፍ ነበር።

ትናንት ምናሴ ከተማሪ ቤት መጥቶ
ቆመ፣ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ።
«ለኪኝ።»
ለካሁት። ከውኃው ሁሉ በላይ ሆኗል፤
ያንንም ክረምት ጭምር በአንድ ስንዝር አልፏል።
ከሰሉን ተቀብሎኝ ትንሽ አሰበና፣
ከራሱ ጭረት በላይ ክንዱን ዘረጋና
አንድ መስመር ሳበ፣ ስም የሌለው።
«ይሄስ የማን ነው?» ስለው፣
«አላውቅም» አለኝ፣
ዞሮ ሐይቁን እያየው።