አርባ አንድ ቀን ይቀራል

ከቧንቧ ውሃ ታች በሙሄ ፎቶ ቤት
ሃያ ሁለት ዓመት የተከማቸ ፊት፤
ሠርግ፣ መታወቂያ፣ የሰኔ ምርቃት፣
መቶ ዘጠና ሺህ ፎቶ፣ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ ያለበት።

ካሜራው የጻፈው በራሱ ቋንቋ ነው፤
ሠሪው ከስሯል አሉ፣ ዛሬ አንባቢ የለው።
ሁሉ ወደሚያነበው ልመልሰው አልኩና
ላፕቶፔን ከፈትኩ።
አሰበች፣ አሰበች፣ አቃሰተችና
«አርባ አንድ ቀን ይቀራል» አለች።

አጎቴ ሙሄ ግን ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ቦሩ ሜዳ፤
እንደ ጦሳ ጉም ሞራው ዓይኑን ሸፍኖታል፣
ከቢላው በፊት አንድ ፎቶ ማየት ይፈልጋል።
የቱን? አልኩት።
«ክረምት ነበር። ቀይ መጋረጃ። ጃንጥላ ይዛለች።»
ቁጥሩስ?
ዝም አለ። ፊት የሚያስታውስ ሰው ቁጥር ምን ይሠራለታል።

ከድጃ ኢንተርኔት ቤቷን ዓርብ ማታ ዘጋችልኝ፣
አስራ ስድስት ማሽን ከነቁልፉ ሰጠችኝ።
አንዷን አለቃ አደረግኳት፣ መቶ መቶ እንድታድል፤
የጨረሰ ይመለስ፣ ሌላ መቶ ይቀበል፣
የዘገየ አይሰደብ፣ ማንም ማንንም አይጠብቅ።

አስረስ በበር አጮልቆ «ደቦ ነዋ!» አለ።
ደቦስ አይደለም፣ አስረስ።
ደቦ ጠላ አለው፣ ፉከራ አለው፣
አጫጅ ጎኑ ያለውን በስሙ ይጠራል።
እነዚህ ምን ያውቃሉ?
አስራ አንደኛው ሙሽሪትን ከነሚዜዎቿ ሲመነዝር
አስራ ሁለተኛው ሙሽራውን ለብቻው ይዞ ሲያድር።

ቅዳሜ ሌሊት ሰባተኛው ጨሰ።
ገመዱን ነቀልኩት።
የያዘው መቶ ፊት ወደ ሰልፉ ተመለሰ፣
ሌሎቹ ተካፍለው አነሱት፤ ለቅሶ አልተቀመጡም።

እሁድ መብራት ሄደ።
«ጠፋ በቃ?» አለች ከድጃ በጨለማው።
ያለቀው አልቋል፣ አልኳት፣
እጃቸው ላይ የነበረውን ብቻ ይደግሙታል።
«ወይ መታደል» አለች።
ምን ትዝ እንዳላት አልጠየቅኳትም።

ሰኞ ሊነጋ ሲል አስራ አምስቱ ተራ በተራ ዝም አሉ።
ቀይ መጋረጃውን በዓይናችን ለቀምነው፤
ዘጠኝ መቶ ምናምን።
ጃንጥላ ግን አንድ።

ሙሄ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ።
«አይታየኝም፣ አንቺ ንገሪኝ።»
ጃንጥላው ታጥፏል፣ ጫፉ ያንጠባጥባል፣
ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ረጥቧል።
«ዓይኗስ?»
ጨፍናለች።
ሳቀ። ሙሄ ሲስቅ ጥርሱን በእጁ ይሸፍናል።
«እሱን ነው የፈለግኩት። ተበላሽቷል፣
ነገ ነይና ድጋሚ ላንሳሽ ብያት ነበር።»

ውጭ የቦሩ ሜዳው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ።
ጃኬቱን በግልባጭ ለብሶ፣ አስተካክዬለት፣
በሩ ላይ ሲደርስ «ቁጥሩን አጥፊና ስም ስጪው» አለኝ።
ማን ልበላት? ስል ሚኒባሱ ሄደ።

«ነገ ነይ» ብዬ ጻፍኩበት።