ማን ሰማ

የመጣሁት ለድመት ነው፤
ምድር ቤቴን አይጥ ወረሰው።
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ቱታዬን ሳልቀይር፣
በሳስካቱን ውርጭ የሸበተ ሽፋሽፍቴ ሳይደርቅ ከበር፣
ከፍርግርጉ ጀርባ፣ አሥራ አንደኛው ክፍል፣
አንድ አሮጌ ውሻ ተጋድሟል።
ሌላው ሲጮህ፣ ሲዘል፣ ጅራቱን ሲቆላ፣
እሱ አልዞረም እንኳ፤ ተኝቷል ከኋላ።

«አይሰማም» አለችኝ ሼልቢ፣ ቁልፉን ይዛ፤
«ሰባት ወሩ እዚህ፤ ዕድሜው ነው የበዛ።»

እጄ፣ እኔ ሳላዝዘው፣ መዳፌን ወደ መሬት ደፍቼ፣
በሰፈራችን ልጅ እንደሚጠራው፣ አራት ጣቴን አጥፌ ዘርግቼ፣
«ና» አልኩት።
ተነሣ። እያነከሰ መጣ።
ሼልቢ «ምን አልከው?» ብትል፣ ምን ልበላት? ቃል መች ወጣ?

ቅጹ ስም ይጠይቃል። ድሮ፣ ሰው በውሻው ስም
ለጎረቤት ያሰማ ነበር የሆዱን ሕመም፤
«ማን ሰማ» ብዬ ጻፍኩ።
የማይሰማ ውሻ፣ የማይሰማ ሰፈር፤
ስጠራው የሚዞር የለም፣ እሱም ጭምር።

አይጦቹ እስካሁን አሉ፤
ማታ እሱ ሲያንኮራፋ፣ እንደ ልባቸው ይጫወታሉ።