ሃያኛው ፍራሽ

ሐረጎን ስንወርድ፣ ጉም እንደ ጥጥ ሞልቶ፣
ከሚኒባሱ ጣሪያ ፍራሼ ተኝቶ፣
እኔ ከበሩ ሥር አንገቴን ደፍቼ፣
የትናንቱን ሽያጭ በጣቴ አስልቼ።

ዕቃዬ ይተኛል፤ አለቃዬ አይተኛም፤
ሳልሸጥ የዋልኩ ለታ ደሞዝ አያውቀኝም።
ወፍ ሳይንጫጫ ስልኬ ይጮሃል፦
«ይመር፣ ስንት ወጣ?»
ሰላም አደርክ የለም።

ውሸት አልናገርም፤ ደግ ቀንም አለ።
ሀጂ እብሬ፣ በርበሬ ወንዝ ፔንሲዮን ሲከፍቱ፣
«ሃያ አራት ፍራሽ አምጣ» ሲሉኝ በጠዋቱ፣
ከመቶ አራቷን ስቀበል በእጄ፣
ጦሳ ዝቅ አለልኝ፣ ቦርከና ወዳጄ።
የሱቁን ዱቤ ዘጋሁ። ለሰኪና ጫማ፣
ለእናቷ ሻሽ ገዛሁ፤ ሰፈሩም ተስማማ
«ይመር ሰው ሆነ» ብሎ።
የደሞዝ ሰው አያውቃት ይቺን ጣፋጭ ጣጣ፤
በገዛ ምላስህ እንጀራህ ሲመጣ።

ታዲያ ምላስ ይደርቃል።

ክረምት ገባ። ገበሬው ለማዳበሪያ፣
ነጋዴው ለኪራይ፣ ሁሉም ለየጣጣው፤
ፍራሽ ማን ያስታውስ?
«ተጫኑት በእጅዎ፤ አዩት? ይመለሳል፤
ይህ እኮ ለወገብ ከሐኪም ይበልጣል»
እያልኩ የማሞግሰው፣ ወገቤን ደግፌ፣
ማታ ሰሌን ላይ ነው የማድረው ታጥፌ።
«ፍራሽ አለህ?» ይሉኛል፣ መንገድ ላይ አስቁመው።
አለ። አንዱ ጣሪያው ላይ፣
አንዱ እዚህ፣ ከደረቴ፣
ዋጋ ያልወጣለት።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን፤ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።
ሃያ ከሞላ ጉርሻ አለ፤ ካልሞላ
አራቷ ሁለት ትሆናለች።
ቧንቧ ውሃን ዞርኩ። ሆጤን ዞርኩ። ሮቢት ወጣሁ።
አንዷ «ነገ» አለችኝ፤ አንዱ «ኢንሻአላህ»፤
አንዱ ሻይ ጋበዘኝ፣ ጀርባዬን እያሻሸ፣
«አብሽር፣ ያልፋል» አለ።
አብሽር በደረሰኝ አይቆረጥም።

በመጨረሻዋ ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፣
የመጋዘኑ ዘበኛ ቁልፉን እያንኳኳ፣
ደረሰኙን ከፍቼ በአማቴ ስም ጻፍኩ፦
ወይዘሮ ጦይባ ሙሔ፣
አንድ ፍራሽ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አበባ።
ብሩ? የሰኪና የትምህርት ቤት ነበር።
ጉርሻው ሲመጣ እመልሳለሁ ብዬ።
አለቃዬ ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ፤
«አንተ አንበሳ!» አለኝ።
አንበሳው ፍራሹን ተሸክሞ ገባ ማታ።

ከነላስቲኩ፣ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት።
«እንዳትነኩት!» አልኩኝ።
«ይህ የሚመጣው ወር አንደኛ ሽያጭ ነው።»
ሰኪና በጣቷ አበባውን ቆጠረች፣
በላስቲኩ ላይ፣ ሳትነካው መስሏት።
ዘምዘም አየችኝ፤ ምንም አላለችም።
የዘምዘም ዝምታ ኮሚሽን የለውም።

ሌሊት ነቃሁ። ዝናብ መሰለኝ በቆርቆሮው።
ላስቲክ ነው፤ ኮሽ፣ ኮሽ።
ፍራሹ ወለል ላይ ወርዷል።
ሰኪና መሃሉ ላይ፣ አፏን ከፍታ፣
እናቷ በጎኗ፣
አዲሱ ሻሽ ከትራሷ ሥር።

ከሰሌኔ ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤
የተቀደደ ላስቲክ፣ አዲስ ተብሎ የማይሸጥ ዕቃ፣
የመስከረም ክፍያ፣ የሱቁ ዱቤ፤
ሒሳቡ ሦስት ጊዜ ከእጄ አመለጠ።
ከዚያ እጄን ዘረጋሁ።
ተጫንኩት።
ተመለሰ።
ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ስምል የኖርኩት፣
ለካ እውነት ነበረ።

ዳሩ ላይ ለአንድ ጎን የሚበቃ ቦታ ተርፏል።

ስልኩ ሲጮህ ነጋ። አዲስ ወር፤ ባዶ።
«ይመር፣ ስንት ወጣ?»
ተኝቼ አነሳሁት።