የግራ ዓይኔ ቋጠሮ የለውም

መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ኦዞሪዮ እባላለሁ፤
አራካቲ ዳር፣ ወንዙ ለባሕር እጁን ሲሰጥ፣ ከጀልባ ጥላ ሥር እውላለሁ።
ጥርሴ መቀሴ ነው፣ አውራ ጣቴ መርፌዬ፣
ሃምሳ ዓመት ቋጠርኩ ካሸዋው ጎንበስ ብዬ።
ለእኔ ዓለም እንግዲህ ሁለት ዓይነት ነው፦
አንዱ የተቋጠረ፣
ሌላው ሊፈታ ጥቂት የቀረው።

ነፋሱ፣ ጨዉ፣
ውኃ ላይ ነጥሮ ባርኔጣ ሥር የሚገባው ፀሐይ፣
ሁሉም ተባብረው
በዓይኔ ነጭ ላይ ሥጋ ዘሩ።
ክንፍ ይመስላል አሉ፤ መብረር የማያውቅ ክንፍ፣
ከአፍንጫዬ በኩል እስከ ብሌኔ ጫፍ
(አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅስ የለ? ጉርብትና ነው ነገሩ)
በዓመት የሩዝ ስባሪ ያህል እየሳበ
መስኮቴን ከበበ።

ቀኙን የዛሬ ሰባት ዓመት ሰፉት።
ሥጋውን ላጡ፤ ከላይኛው ቆብ ሥር ስስ ገለፈት ቆርጠው
ባዶው ቦታ ላይ ጣፉት፤
ስምንት ቋጠሮ፣ ከጸጉር በቀጠነ ክር።
ደስ አለኝ፤ ቋጠሮ ነው፣ የማውቀው ምስጢር።
ሌሊት ግን ቆቤ በተከደነ ቁጥር
ስምንት የአሸዋ ቅንጣት ዓይኔን ሲፈገፍግ፣ ሲቧጥር፣
ዳልቪና እርጥብ ጨርቅ ይዛ
"ቋጠሮ ትወድ የለ?" ትለኛለች እንደ ዋዛ።
ሁለት ሳምንት ተኩል
በገዛ መንጠቆዬ ተይዤ ከረምኩ።

ዘንድሮ ተራው የግራው ሆነ።
ዶክተር ጃንዲራ፣ ልጅ እግር ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች፣
"አሁን ሙጫ አለ" አለች፤
"ከሰው ደም የተጣራ። ሁለት ጠብታ ነው፤
ሲገናኙ ይረጋሉ፤ መርፌም ክርም የለው።"

"ሙጫ?" አልኳት።
"ሙጫ የፖስታ ነው፣ ሙጫ የጫማ፤
በሙጫ የጠገናትን ጀልባ ይዞ ባሕር የገባ
አጎት ነበረኝ።
ነበረኝ ነው ያልኩሽ፣ ልብ በይ።"

ሳቀች። ከዚያ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ፦
ክር አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ይቆረቁራል፣ ዓይን ያቀላል፤
ሙጫ ይፈጥናል፣ ሕመሙም ይቀላል፤
አንዳንዴ ግን ገለፈቱ ይንሸራተታል።
"ሥጋው ተመልሶ መብቀሉስ?"
"በሙጫው የሚያንስ ይመስላል።"
ይመስላል ማለቷን ወደድኩላት።
ባሕር የሚያውቅ ሰው
ነገ ነፋስ የለም አይልም፤ የለም ይመስላል ነው የሚለው።

በቀጠሮው ቀን ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር።
ሙጫው ውድ ነው፤ ከፎርታሌዛ የሚያመጣው መኪና ደግሞ መንገድ ቀረ።
"ክር አለ" አለች ነርሷ፣ ከመሳቢያው አውጥታ።
ጃንዲራ ዓይኔን አየች፣
ጥቂት ዝም አለች።
"የራሱ ደም አለ" አለች።

ሥጋውን ላጠችው፤ የደማውን አልጠረገችም።
ገለፈቱን በደሙ ላይ አስተኛች፣
ጠርዙን ከጠርዝ አገጣጠመች፣
በመቆንጠጫ ያዘች፣
ጠበቀች።

ያቺ ቸኳይ ልጅ!
አሥር ደቂቃ ሙሉ እጇ ንቅንቅ ሳይል።
እኔም ጣራውን ሳይ፣ ብርሃን እንጂ ምንም በሌለበት፣
በሆዴ እቆጥራለሁ፦ አንድ ማዕበል፣ ሌላ ማዕበል።
ደሜ ሥራውን ሲሠራ አላመመኝም።
ሃምሳ ዓመት ስቋጥር
መጠበቅ ራሱ መያዝ እንደሆነ
አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ሌሊቱ ያለ አሸዋ አለፈ።
ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ፈራሁ፤
ተንሸራቶ እንደሆን ብዬ
ዳልቪናን ቀስቅሼ በባትሪ አስፈተሽኩ።
"አለ" አለች፣ "ቦታው ላይ ነው፤ ተኛ አንተ ሰውዬ።"

መረቤን አሁንም እቋጥራለሁ፤
ለዓሣ ይህን ሁሉ ማስረዳት አይቻልም።
ማታ ማታ ግን ዓይኔን በየተራ እጨፍናለሁ፦
በቀኙ ሳይ አድማሱ የተሰፋ ይመስለኛል፣
ሰማይና ባሕር በክር የተያያዙ፤
በግራው ሳይ
ማን እንደያዛቸው እንጃ፣ ዝም ብለው ተያያዙ።

"የቱ ይሻላል?" ትለኛለች ዳልቪና።
መልሱን ሳስብ ነፋሱ ተነሣ፣
ከገበያ የገዛችልኝን ጥቁር መነጽር
ካፍንጫዬ ላይ ጫነችና
"እሺ፣ ኋላ ትነግረኛለህ" ብላ ገባች።