ጳጉሜን ስድስት

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ አሳንሰሩ በቆመ ሕንፃ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ከኪራይ ያልወጣን ነፃ፤
በዓመት አራት ጊዜ መጽሔት እናወጣለን፣
ስለ ክፍት ነገር፣ በር ዘግተን እንጽፋለን፦
ስለማይቆለፍ ኮድ፣ ለማንም ስለተሰጠ ንድፍ፣
ጎረቤት አርሞት ለጎረቤት ስለሚያልፍ።

አንባቢ በጥቅምት ወር የወደደውን ይመርጣል፤
ድምፁ በፖስታ ሣጥን፣ አለዚያም በእጅ ይመጣል፤
ኮሮጇችን የጫማ ካርቶን ነው፣ ቁጥር አርባ ሁለት፣
መክብብ ክዳኑን በምላጭ ሰንጥቆ አፍ ያበጀለት።

ሉባባ እየገለጠች ትጠራለች፤ እኔ አሰምራለሁ፤
አራቱን አቁሜ በአምስተኛው አስራቸዋለሁ።
ለአማርኛ መተየቢያው ስልሳ አንድ ሆነለት፤
አንዱ መራጭ በወረቀቱ ጠርዝ እንዲህ ጻፈለት፦
«ድሮ ‹ናፍቀሽኛል›ን በላቲን ፊደል ስልክላት፣
ስድብ መስሏት ነው መሰል፣ መልስም አልነበራት።»
ከዕቃ ደግሞ የቶለሳ ሰሌዳ መራ፣
መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጅ የማያስመታ፣
ከወዳደቀ ሽቦ የተሠራ።

ወደ ማታ፣ ከካርቶኑ ሥር፣
አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፦

«ስሙን አላውቀውም።
አረንጓዴ ነው፤ የልደት መዝገብ የምንሞላበት።
ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ነው።
አዋላጅ ነኝና፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ ‹ጻፉልኝ› አልኩ።
ማሽኑ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› አለ።
ባልደረቦቼ ሳቁ።
‹መስከረም አንድ እንበላት፣ ዓመት በዓልም ነው› አሉኝ።
እኔ ግን ያማጥኩበትን ቀን አውቀዋለሁ።
በአሥራ አንደኛው ቀን ፕሮግራሙ ታደሰ፣ ቀኑም ኖረ።
የሆነ ሰው አርሞት ነው አሉ።
ድምፄ ለዚያ ሰው ይሁንልኝ።
ታንጉት፣ ከአምባሳደር ጀርባ ካለው ጤና ጣቢያ።»

ሉባባ መነጽሯን አወለቀች።
«ስም ያልተጻፈበት ድምፅ ውድቅ ነው፤
ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ።»
እውነቷን ነው። ተራ ቁጥር ሰባት። በእኔው እጅ።

መክብብ ምንም ሳይል ኮዱን ከፈተ።
የለውጦቹ ዝርዝር ረጅም ነው፣ እንደ እድር መዝገብ፤
ማን ምን ነቅሎ ምን እንደተከለ፣ በየሰዓቱ።
ወርዶ ወርዶ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦
በየዘመነ ሉቃስ ማብቂያ አምስትን ስድስት ያደረገች፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባች፣ አንዲት መስመር።
የአራሚው ስም ሦስት ፊደል፤ አባት የለው፣ አገር የለው።
ከጎኗ ማስታወሻ፦
«እኔም የዚያን ቀን ነኝ።»

ከታች፣ በቸርችል ቁልቁለት፣ ወያላው የመጨረሻውን ሰው
ለገሃር፣ ለገሃር እያለ ይለምናል።
ሦስታችንም ማያ ገጹን እያየን
ሻያችንን አቀዘቀዝነው።

ሽልማቱ በሳምንቱ ተሰጠ፣ ከተከራየነው አዳራሽ፤
ቶለሳ የእንጨት ሰሌዳውን ገልብጦ
ብሎኑ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቀ።
ንግግር አድርግ ሲባል፦
«አራተኛው ሬዚስተር ይሞቃል፤ ከፍ ባለ ቀይሩት።
ያገኘ ካለ የተሻለ ንድፍ ይላክልኝ» አለና ወረደ።
መተየቢያውን ወክሎ የመጣ አልነበረም፤
ሠሪዎቹ በሰባት ከተማ ተበትነው
ማን ይሂድ ሲባባሉ ቀኑ አለፈ አሉ።

እኔ፣ አራሚው፣
ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣
ከውጤቱ ሠንጠረዥ ግርጌ፣ በስምንት ነጥብ፣
አንዲት መስመር ሾልኬ አስገባሁ፦
ጳጉሜን ስድስት፤ አንድ ድምጽ።

ሉባባ አየችው።
ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከመስመሩ አንዲት ቃል አልነካችም፤
እኔ የሳትኳትን «ጽ»
«ፅ» አድርጋ
መለሰችልኝ።