በባሕሩ በኩል

ቤተ ክርስቲያኗ፣ በካቴጋት በኩል፣ ኖራ ተቀብታለች፤
በመንደሩ በኩል ጡቧ እንደ ቀላ፣ እንደ ጥንቱ አለች።
«ኖራ ውድ ነው» አለኝ ቁልፍ ያዡ ኤስኪል፣
«እኛማ እናውቃታለን፤ ነጩ ለመርከበኛው፣ ከሩቅ እንዲያይ ሲባል።»

ጉብታው ላይ ቆሟል የእንጨት ረጅም ክንድ፣
ጫፉ የብረት ቅርጫት፤ ድሮ ከሰል ሲነድ
በገመድ ስበው ሽቅብ የሚሰቅሉት፣
መርከቡን በፍም የሚጠቅሱበት።

ቤቱ አስገባኝ። ጣሪያው የባሕር ሣር፣ ክንድ ሙሉ ውፍረቱ፣
ጨው ጨው ይላል ዛሬም፣ ዝናብ ሲያገኝ ፊቱ።
«የሰመጠች መርከብ ናት» አለ፣ ወራጁን እያየ፤
ስሟ ተገልብጦ፣ በነቀዝ ተበልቶ፣ ከጥላሸት ታየ።

«ያን ሌሊት ማን ነበር የሚሰቅል እሳቱን?»
ዝም አለ። ፒፓውን ሞልቶ ፈለገ ክብሪቱን።
«በረዶ ነበር» አለ ቆይቶ፣ «አያቴም ልጅ ነበር፤
እንቅልፍ የት ያውቃል የሰው ነፍስ መቁጠር።»

በማግስቱ አየሁት ባልዲ አንጠልጥሎ፣
በሰባ ዓመቱ ከመሰላል አናት ውሎ፤
ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣
ቀዩን ትቶ፣ ባሕሩ የሚያየውን ጎን ነው የሚቀባው።

«መርከቡ ዛሬ የሚመራው በሳተላይት ነው» ብለው፣
«ይሁና» አለኝ፤
ብሩሹን መልሶ ኖራ ነከረው።